ትንሿ ባለ ባትሪ ስኖው ብሎወር ትገዛ ወይስ አካፋችንን እንያዝ?

አዲስ_ጎጆ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ) · ኖቬምበር 16

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰመር ላይ በስንት መከራ ቤት ገዛን። ሰባት ዓመት አፓርትመንት ስንኖር በረዶውን ማን እንደሚጠርገው አስቤ አላውቅም ነበር። ጠዋት ስንወጣ ተጠርጎ እናገኘዋለን፣ በቃ። አሁን ጠራጊው እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ድራይቭዌዬ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስቆማል። በሜትር ለካሁት፤ ወርዱ 5.5፣ ርዝመቱ 12 ነው። ከፊት ለፊቱ የእግረኛ መንገድ አለ፤ እሱም የኔ ዕዳ ነው አሉኝ። ዕድሜዬ 49 ነው፤ ወገቤ ግን 70 አልፎታል። የምሠራው ሌሊት ነው። ጠዋት ስመለስ ድራይቭዌዩ ተሞልቶ ይጠብቀኛል፤ በዚያው ሰዓት ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ መውጣት አለባት።

አንድ ሱቅ ውስጥ ትንሽ ባለ ባትሪ ስኖው ብሎወር (በረዶ እየጠረገ የሚወረውር ማሽን) አየሁ። ወርዷ 18 ኢንች፣ 40 ቮልት፣ ባለ 4 አምፒር ሰዓት አንድ ባትሪ ከነቻርጀሩ። ዋጋዋ 300 ዶላር አካባቢ ነው። ሳጥኑ ላይ «እስከ 40 ደቂቃ» ይላል። ቤንዚን የሚጠጣውን ጋራዤ ውስጥ ማስገባት አልፈልግም። ባለቤቴ ግን ፎቶዋን አይታ «መጫወቻ ነች» ብላ ሳቀች።

የተጠቀመባት ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ። የሻጭ ወሬ ሰልችቶኛል።

ብርድ_የለመደ (ሚኒያፖሊስ) · ኖቬምበር 16

እንኳን ለቤትህ አበቃህ ወንድሜ! እንግዲህ ወደ ማኅበሩ ገብተሃል።

መጀመሪያ የምትኖርበትን አገር እወቅ። እዚህ በዓመት በአማካይ ከ50 ኢንች በላይ ይወርዳል። የ2022/23ቱ ክረምት ደግሞ 90 ኢንች ደረሰ። ያን ዓመት አካፋ ይዤ ስወጣ በረዶውን የምወረውርበት ቦታ አጣሁ። ግራና ቀኙ ከደረቴ በላይ ሆኖ ነበር።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ያንተ ድራይቭዌይ 66 ካሬ ሜትር ነው። 6 ኢንች ቀላል በረዶ ወረደ እንበል፤ 15 ሳንቲም ማለት ነው። ብን የሚለው በረዶ ሲቀልጥ ከአሥር አንዱ ነው ውሃ የሚሆነው። ስለዚህ በየካሬ ሜትሩ 15 ኪሎ አለ። ጠቅላላው 990 ኪሎ መጣ። አሥር ኩንታል ጤፍ በለው! እርጥቡ ከሆነ ደግሞ ሃያ ኩንታል። ይህን ሁሉ ከቁርስ በፊት በአካፋ ልታነሳ ነው።

ማሽን ያስፈልግሃል። ጥያቄው ያቺ ትንሿ ትችለዋለች ወይ ነው። በአንድ ባትሪ እኔ አልመክርህም።

የመብራት_ልጅ (ኤድመንተን) · ኖቬምበር 16

የባትሪውን ነገር ለኔ ተዉልኝ።

ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዛው። 40 በ4 ሲባዛ 160 ዋት ሰዓት ነው። እሱም በወረቀት ላይ ነው። 40 የሚሉት ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚያሳየውን ቁጥር ነው፤ ሥራ ላይ 36 ነው። ስለዚህ 144 ያዝ። ሞተሩ ከባድ በረዶ ገጥሞት 800 ዋት ቢስብ 11 ደቂቃ ገደማ ይሠራል። ሳጥኑ ላይ ያለችውን «እስከ» የምትል ቃል ደግመህ አንብባት። ሙሉው ውል እዚያች ውስጥ ነው ያለው።

ብርዱ ደግሞ አለ። ባትሪ ሲበርደው ይንቀራፈፋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። እኔ ያለሁበት ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ጋራዥ ያደረ ባትሪና ቤት ያደረ ባትሪ ወንድማማች አይመስሉም። ስለዚህ ባትሪው ቤት ይደር፣ ማሽኗ ጋራዥ ትደር። እንዲህ ሆኖ ከተነሳ፣ ሥራ ላይ ራሱን ስለሚያሞቅ ብዙም አያስቸግርም።

ዋናው ነገር፣ በረዶ የሆነ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ስታደርገው ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ይለበጣል። ያ ጉዳት አይመለስም። ደህና ቻርጀር ራሱ እምቢ ይልሃል፤ ርካሹን ግን አትመነው። ከሥራ ስትገባ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ይሙቅና ከዚያ ሰካው።

ጋሽ_አካፋ (ቶሮንቶ) · ኖቬምበር 17

ልጆቼ፣ እኔ እዚህ አገር ከገባሁ 31 ዓመቴ ነው። 31ዱንም ዓመት በአካፋ። አካፋ ቻርጅ አይፈልግም፤ ብርድ አይፈራም፤ «እስከ» አይልም። 25 ዶላር ነው፣ ሲሰበርም እጀታውን ብቻ ትቀይራለህ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት መሥራት ደግሞ ለሰውነት ጥሩ ነው። ልጆች ጂም ብላችሁ በወር 50 ዶላር ትከፍሉ የለ?

ደግሞ በረዶ በረዶ ትላላችሁ። በረዶ አዲስ አበባ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ፍሪጅ ውስጥም በረዶ፣ መንገድ ላይ የሚያንሸራትተውም በረዶ፣ ይሄም በረዶ! ለዚህኛው በመጽሐፍ ቅዱስ አመዳይ የሚል ቃል አለን። ማን ይጠቀምበታል።

ቡና_ቁርስ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ) · ኖቬምበር 17

ጋሼ አመዳዩን ወደድኩልዎት። አካፋው ላይ ግን አልስማማም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው፤ ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። አካፋውን ሞልቼ ከትከሻዬ በላይ መወርወር አልችልም።

እኔ የገዛሁት ባለ ባትሪ አካፋ የሚሉትን ነው። ወርዱ 12 ኢንች ሆኖ እንደ ቫኪዩም እየገፋህ የምትሄደው። ለደረጃ፣ ለበረንዳና ለእግረኛ መንገድ የሚስተካከለው የለም። ለድራይቭዌይ ግን ዕድሜህን ይበላል። ጎማ ስለሌለው ክብደቱን በእጅህ ትይዛለህ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ከአካፋ የዳነ ወገብ በዚህኛው ተመልሶ ይታመማል ማለት ነው።

ስለዚህ 18 ኢንቿና ይሄኛው አንድ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጧቸው ሰው ያምታታቸዋል። ያንተዋ ጎማ አላት?

አዲስ_ጎጆ · ኖቬምበር 17

ሁለት ትናንሽ ጎማ አላት። ራሷን ግን አትነዳም፤ እኔ ነኝ የምገፋት። ከፊት የሚሽከረከረው ላስቲክ የሚመስል ነገር ነው፣ ብረት አይደለም።

መርካቶ_በዱባይ · ኖቬምበር 17

እኛ እዚህ በረዶ ለማየት ሞል ውስጥ ገብተን ቲኬት እንከፍላለን። ስኪ ዱባይ ሄዳችሁ አሥር ኩንታል ጠርጉልን ብትሉ ሰልፍ ይወጣላችኋል። በሉ ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

ፒንሳ_እና_መፍቻ (ዴንቨር) · ኖቬምበር 18

አንድ ሰው ለቤንዚኑም ይናገርለት እንጂ።

አዲስ_ጎጆ ያየሃት አንድ ደረጃ የሚባለው ዓይነት ናት። ከፊት የሚሽከረከረው ላስቲክ መሬቱን እየነካ በረዶውን ያነሳል፤ ያው ራሱ ይወረውራል። ጥሩነቱ አስፋልቱን ጠርጎ ያወጣዋል። መጥፎነቱ ጠጠር መንገድ ላይ አትሞከርም፤ ድንጋይ ትተኩሳለች። ባለ ሁለት ደረጃው ደግሞ ከፊት ብረት አለው፣ ከኋላው ሌላ ማራገቢያ አለው። ብረቱ ይሰብራል፣ ማራገቢያው አርቆ ይወረውራል። የደረቀ ክምር የሚሰብረው እሱ ነው። በባትሪም አለ፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

እዚህ ማርች 2021 ላይ በአንድ ቅዳሜና እሁድ 27 ኢንች ወረደ፤ እንደ ገንፎ የከበደ እርጥብ በረዶ። የጎረቤቴ ትንሽ ባለ ባትሪ አፍንጫዋ ድረስ ተቀብራ ቀረች። የኔ ቤንዚን ጠጪ ስድስት ቤት ጠረገች።

አዎ፣ ትጮሃለች። ትሸታለችም። ጋራዥ ውስጥ በሩን ዘግቶ ማስነሳት ደግሞ ሞት ነው፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ነገር ግን ባትሪዋ አያልቅም።

ቡና_ቁርስ · ኖቬምበር 18

ወንድሜ፣ ያቺን ማርች እኔም አውቃታለሁ። ለሌላው ቀን ሁሉ ግን እኛ ጋ እኮ ፀሐይዋ ናት የምትጠርገው። ጠዋት 4 ኢንች ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ደርቋል። በስንት ዓመት አንዴ ለሚመጣ 27 ኢንች ጋራዤን በብረት አልሞላም።

ደግሞ ስለ ቤንዚኑ ሁሉንም ንገራቸው። ኤፕሪል ላይ ቤንዚኑን ሳታወጣ አስቀምጠሃት ኖቬምበር ላይ ካርቡሬተሯ ተደፍኖ ገመዱን ሃምሳ ጊዜ የጎተትክበትን ቀን።

ፒንሳ_እና_መፍቻ · ኖቬምበር 18

የቤት ገበና አይወጣም።

የልብ_ጉዳይ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ) · ኖቬምበር 18

ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም ድንገተኛ ክፍል ነው። ጋሽ አካፋ በጣም አከብርዎታለሁ፣ ግን ያ «ለሰውነት ጥሩ ነው» የሚሉትን ሰው እንዳይሰማዎት።

በረዶ መዛቅ ሩጫ አይደለም። በክንድ ነው የሚሠራው፤ ሲያነሱም ትንፋሽ ይያዛል፣ ግፊት ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ላይ ብርዱ የደም ሥርን ያጠባል። ሰውየው ደግሞ ከአልጋ ተነስቶ ሳይሞቅ ነው የሚወጣው። ከ1990 እስከ 2006 ድረስ ያለውን የአሜሪካ መረጃ የሰበሰበ ጥናት አለ። በዓመት በአማካይ 11,500 ያህል ሰው በረዶ ሲዝቅ ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ወገብ ነው። የሞቱት ግን የሞቱት በልብ ነው።

ማሽንም ቢሆን ሰውን አያድነውም ብዬ አልዋሽም፤ ትንሿን መግፋት ቀላል ነው። ራሷን የማትነዳውን እርጥብ በረዶ ውስጥ መግፋት ግን ያው ሥራ ነው። ደረታችሁ ከተጨነቀ፣ ክንዳችሁ ወይም መንጋጋችሁ ከከበደ እዚያው ጣሉትና ደውሉ። «ይቺን ጥግ ልጨርስና» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ሌላው፣ እጅ። አንድ የማውቀው ሰው ሁለት ጣቱን ነው ያጣው። ማሽኑ ጠፍቷል፤ መወርወሪያው በበረዶ ተደፍኗል። እጁን ሰደደ። ውስጡ ታምቆ የቆየው ኃይል ተለቀቀና መታው። ባትሪውን ንቀሉ፣ በእንጨት ጎርጉሩ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ከማሽኑ ጋር ይመጣል፤ ሰው ግን ከሳጥኑ ጋር ይጥለዋል።

ጋሽ_አካፋ · ኖቬምበር 18

እሺ የኔ ልጅ። ሰምቻለሁ። ማለዳ ሳይሆን ረፋድ ላይ እወጣለሁ።

የልብ_ጉዳይ · ኖቬምበር 18

ጋሼ፣ አካፋውን ግማሽ ብቻ ይሙሉልኝ። እሱም ይበቃኛል።

ብርድ_የለመደ · ኖቬምበር 19

አዲስ_ጎጆ፣ ማንም ያልነገረህ አንድ ነገር አለ። ጠላትህ ሰማይ አይደለም፤ የከተማው ፕላው (በረዶ ገፊው መኪና) ነው።

ድራይቭዌይህን እንደ መስታወት አጽድተህ ቡና ልትጠጣ ትገባለህ። ከዚያ ያ ትልቅ መኪና ጓ ጓ እያለ ያልፍና የመንገዱን ሁሉ በረዶ አፍህ ላይ ከምሮልህ ይሄዳል። ያ ክምር በረዶ ነው ብለህ አትጠጋው። ጨው፣ የበረዶ ቋጥኝ፣ አሸዋ፣ የተጨመቀ ጭቃ ነው። ሁለት ሰዓት ከቆየ ሲሚንቶ ይሆናል። ትንሿ ማሽን አፍንጫዋን ታስገባና ላዩ ላይ ትጋልባለች።

ዘዴ ልንገርህ። በርህ ላይ ቆመህ ፊትህን ወደ መንገዱ አዙር። ፕላው የሚመጣብህ ከግራህ ነው። ከድራይቭዌይህ በስተግራ የመንገዱን ዳር ሁለት ሦስት ሜትር ቀድመህ ጥረግና ኪስ ሥራለት። መኪናው የያዘውን እዚያ ይጥልልሃል። ሁሉንም አያድንህም፤ ግማሹን ግን ይቀንሰዋል።

የጠረግከውንም መንገዱ ላይ እንዳትወረውር፤ ክልክል ነው። የእግረኛ መንገዱን በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ማጽዳት አለብህ፤ ያንተም ከተማ የኔም ከተማ ደንቡ ይሄው ነው። አለበለዚያ እነሱ ጠርገው ሒሳቡን ይልኩልሃል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማርያም_ሰፈር (ሜሪላንድ) · ኖቬምበር 19

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ምንም የለም፤ ከዚያ እንደ ጃንዋሪ 2016 ይመጣል። ደለስ ኤርፖርት 29 ኢንች ተለካ። ከተማው ቀጥ አለ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ስኖው ብሎወር ልግዛ ብሎ ሱቅ ሄደ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የገዙት ሰዎች ማሽን እስከ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የልጅ ብስክሌት ተሰቅሎበታል።

ለዲሲ አካባቢ ሰው ምክሬ አካፋና አንድ ጉልበት ያለው የአክስት ልጅ ነው።

ሦስት_ጉልቻ (ብሩክሊን ፓርክ፣ ሚኒሶታ) · ኖቬምበር 20

እኛ ሦስት ሐበሻ ቤቶች አንድ ጎዳና ላይ ነን። አንድ ትልቅ ባለ ሁለት ደረጃ በጋራ ገዛን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለን። በደቦ እንጠርጋለን፣ ከዚያ ተራ ይዘን ቡና እንጠጣለን።

ቆንጆ ነው። ግን ልዋሽ አልፈልግም። ሦስታችንም የምንወጣው በአንድ ሰዓት ነው። «መጀመሪያ የማን?» የሚለው ጥያቄ አንዴ ሁለት ሳምንት አኳርፎናል። ቤንዚን የመሙላቱ ተራም የአንድ ሰው ሆኖ ቀርቷል (እኔ ነኝ)። አሁን አንደኛው ቤት ለብቻው ትንሿን ባለ ባትሪ ገዝቶ ለ3 ኢንች በሷ ይወጣል። ትልቋን የምናስነሳት ትልቅ ሲመጣ ብቻ ነው። ሰላም የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ_ጎጆ · ኖቬምበር 20

ሰው የሚያስጠርጉስ አላችሁ? አንድ ፕላው ያለው ሰው ለሙሉ ዊንተር ልዋዋልህ ብሎኛል።

ብርድ_የለመደ · ኖቬምበር 20

ሁለት ዓመት ሞክሬዋለሁ። ገንዘቡን በቅድሚያ ወሰደ። ትልቅ በረዶ በወረደ ቀን «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ላም አለኝ በሰማይ። ደህና ሰው ካገኘህ ግን ከማሽን ሁሉ ይሻላል፤ በተለይ ለወገብ በሽተኛ።

የመብራት_ልጅ · ኖቬምበር 20

ቆይ፣ አንድ ነገር ሳንጠይቀው። ቤት ገዝተሃል፣ ሣር አለህ። ሣሩን በምንድን ነው የምታጭደው?

አዲስ_ጎጆ · ኖቬምበር 21

ባለ ባትሪ ነው። ጁን ላይ ገዛሁት። አሁን ሄጄ አየሁት... 40 ቮልት ይላል። ባለ 6 አምፒር ሰዓት ባትሪ። ከስኖው ብሎወሯ ጋር አንድ ስም ነው!

የመብራት_ልጅ · ኖቬምበር 21

እንዲህ ነው እንጂ! ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ግማሹን ወሬ እናተርፍ ነበር።

ለሌሎች እንዲገባ፤ እነዚህ ማሽኖች ላይ ውዱ ነገር ባትሪው ነው። ባትሪዎቹ ደግሞ ከኩባንያ ኩባንያ አይዋዋሱም። ኢጎ 56 ቮልት ነው፣ ቶሮ 60፣ ራዮቢ 40፤ ግሪንወርክስ ራሱ 40ም 60ም 80ም አለው፣ እርስ በርሳቸው እንኳን አይገጣጠሙም። አንዴ በአንዱ ከገባህ ገብተሃል። ሣር ማጨጃው ኦክቶበር ላይ ሲተኛ ባትሪው ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፤ ስኖው ብሎወሩ ያኔ ይነሳል። ባትሪ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ነው ዋጋው የሚመለሰው።

ስለዚህ አንተ ሁለት ባትሪ ይኖርሃል ማለት ነው፤ 6ቱና ከማሽኗ ጋር የሚመጣው 4ቱ። 216 እና 144፣ በድምሩ 360 ዋት ሰዓት። ለ66 ካሬ ሜትርህ እስከ 5 ወይም 6 ኢንች ቀላል በረዶ ትወጣዋለህ። ከዚያ በላይ ከሆነ አንዴ አትጠብቀው። ግማሹ ሲወርድ ባለቤትህ ወይም አንተ ውጡ፣ ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ግማሹ ይውረድ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ፒንሳ_እና_መፍቻ · ኖቬምበር 21

በዚህ ሒሳብ እኔም እጄን ሰጠሁ። ግዛት። ግን ጥሩ የብረት አካፋ አጠገቧ ይቁም፤ የፕላውን ክምር በማሽን አትታገል። ቁረጠውና እየገመስክ አብላት።

እርጥብ በረዶ መወርወሪያው ላይ ሲጣበቅብህ ደግሞ፣ ከመውጣትህ በፊት የሲሊኮን ስፕሬይ ወይም የሚረጭ የምግብ ዘይት ውስጡን ቀባው። ይንሸራተትልሃል።

አዲስ_ጎጆ · ጃንዋሪ 9

እንኳን አደረሳችሁ። ውጤቱን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ገዛኋት።

ዲሴምበር መጀመሪያ 3 ኢንች ወረደ። ከሥራ መጣሁ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ቤንዚን ቢሆን ሰፈሩን እቀሰቅስ ነበር። ይቺ የፀጉር ማድረቂያ ነው ድምፅዋ፤ ከዚያ ትንሽ ይጎላል። በአንዷ ባትሪ ብቻ፣ በ18 ደቂቃ ድራይቭዌዩም የእግረኛ መንገዱም አለቀ። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቆሜ አየሁት፤ እንደ ሞኝ ፎቶ አነሳሁት።

ዋናው ፈተና የገና ዋዜማ ነው። 8 ኢንች። ከሰዓት በኋላ ጀመረ፣ እየከበደ ሄደ። በዚያ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለብን፤ ነጠላው ተዘርግቷል፣ ልጆቹ ለብሰዋል። ምክራችሁን ሰምቼ ማታ 1 ሰዓት ላይ 4 ኢንች ሲሞላ ወጣሁ። ያ ቀላል ነበር። ባትሪዎቹን አስገብቼ አሞቅኳቸው፣ ከዚያ ቻርጅ ላይ ተውኳቸው።

ሁለተኛው ዙር ከበደ። በረዶው እርጥብ ሆኗል። መወርወሪያው ሦስት ጊዜ ተደፈነ። ባለቤቴ የሚረጨውን የምግብ ዘይት ይዛ ወጣች፤ «የጾም ነው፣ አትፍራ» ብላ ነፋችበት። ሠራ። አራት ሜትር ትወረውር የነበረችው ግን ወደ ሁለት ሜትር ወርዳ ነበር፤ ስለዚህ የወረወርኩትን እንደገና የጠረግኩበት ቦታ አለ። ባለ 6ቷ ባትሪ 17 ደቂቃ ቆየች። ባለ 4ቷ 10 ደቂቃ ሳትሞላ ዝም አለች። የቀረኝ አንድ ስድስተኛ ያህል ነበር። እሱን በአካፋ።

ከዚያ ፕላው መጣ። ብርድ_የለመደ፣ ኪሱን ሠርቼለት ነበር፤ የክምሩን ግማሽ ያህል እዚያ ጣለው። የቀረው ጉልበቴ ድረስ ነው። ማሽኗን ወሰድኳት፤ እንዳልከው ላዩ ላይ ጋለበች። ገምሼ ሳበላት በላች፣ ቋጥኙን ግን ተፋችው። እሱን ለብቻው 25 ደቂቃ ፈጀሁበት። ቤተ ክርስቲያን የደረስነው ዘግይተን ነው፤ ግን ደረስን።

በማግስቱ ወገቤ ደክሟል፣ አልታመመም። ለኔ ልዩነቱ እሱ ነው። ባለቤቴም እኔ በሌለሁበት ሁለት ጊዜ ወጥታባታለች። መጫወቻ ማለቷን አሁንም አልተወችም፤ ቃናው ግን ተቀይሯል። አሁን «መጫወቻዬ የት ናት» ነው የምትለው።

ድራይቭዌዬ በእጥፍ ቢረዝም አልገዛትም ነበር። ባትሪው ቀድሞ ባይኖረኝም በአንድ ባትሪ አልገዛትም ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማርያም_ሰፈር · ጃንዋሪ 9

ጠጠር ድራይቭዌይ ያለው ወንድም አለኝ ፔንሲልቬንያ። ለሱስ?

ፒንሳ_እና_መፍቻ · ጃንዋሪ 9

አይግዛት። ባለ ሁለት ደረጃ ይፈልግና ከሥር ያሉትን ጫማ የሚባሉ መንሸራተቻዎች ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ይሰር፤ አፉ ከጠጠሩ በላይ ይንሳፈፍለት። አለዚያ የጎረቤት መስኮት ይከፍላል። አሁን ደግሞ አይግዛ፤ ማርች መጨረሻ ላይ ሱቆቹ ቦታ ለማስለቀቅ ሲሉ ዋጋ ይጥላሉ።

ጋሽ_አካፋ · ጃንዋሪ 10

አዲስ ጎጆ ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። በደንብ ነው የጻፍከው። ስንት ኪሎ ናት ይቺ ነገር? ምድር ቤት ማስቀመጥ ቢያስፈልግ ደረጃ ላይ ይዞ መውጣትና መውረድ ይቻላል? ለኔ አይደለም፤ ጎረቤቴ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው።

አዲስ_ጎጆ · ጃንዋሪ 10

እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ። ባትሪዋ ሲወጣ 15 ኪሎ ገደማ ናት። እጀታዋም ይታጠፋል ብለው ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ።